አካቶ ትምህርትን በተግባር እንዴት ነው የምታሠለጥኑት? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ዕጩ መምህራንን አሠለጥናለሁ፤ ዘንድሮ የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩበት) ኮርስ ደርሶኝ ግራ ገብቶኛል። ንድፈ ሐሳቡ ላይ ችግር የለም። ሁሉም ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት አብረው ይማሩ የሚለው የሳላማንካ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1994 መውጣቱን፣ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማጽደቋን ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ለልምምድ ትምህርት ቤት ስንወርድ ግን ሌላ ነው። አንዷ ጎበዝ ሠልጣኝ፣ ከንፈር እያየ የሚከታተል ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች ታወራለች። ሌላው ደግሞ ማየት የተሳናት ተማሪ ባለችበት ክፍል «ይቺን ከዚህ ወደዚህ ስናመጣት» እያለ ሒሳብ ያስረዳል። «ይቺ» ማን ናት? ክፍሉም ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ ብዙ አልፈርድባቸውም።

ብሬል (ማየት የተሳናቸው በጣት የሚያነቡትን ጽሑፍ) ላሳያቸው ብል ስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ፣ የለንም። ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ተጽፎ፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ፣ የአማርኛውም ተነባቢና አናባቢን ለየብቻ እንደሚጽፍ በቃል ብነግራቸው ምን ዋጋ አለው፣ እጃቸው ካልነካው?

እስቲ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ልምምድ የሞከራችሁ ንገሩኝ። ሠልጣኞቹንስ በምን ትመዝኗቸዋላችሁ? የእኛ ቅጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱም «አካቷል / አላካተተም» ይላል፣ በቃ። አዘዞ ወይም ማራኪ አካባቢ ትርፍ ስሌት የሚያውሰኝ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ኮርሱ ሰኞ ይጀምራል።