ሬስኪው ፍላሽ አልነሳ አለኝ፣ እስኪ ተባበሩኝ

ቡና_ሂሳብ፦
ሰላም ጓዶች። ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ ቡና አቅራቢ ጋ ሂሳብ ነው የምሰራው፣ ፒችትሪው (የሂሳብ ፕሮግራሙ) እንዳለ አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው (ኤችፒ ኮር አይ 5፣ 11ኛ ጄኔሬሽን፣ ዊንዶው 11)። መብራቱ ሄድ መጣ እያለ ስለሆነ ቡና ግዢው ሳይጀምር ብዬ የላፕቶፑን ሙሉ ኢሜጅ (ዊንዶውም ፋይሉም ያለበት ኮፒ) ማክሪየም በሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አወጣሁ፣ ሬስኪው ፍላሹን (ዊንዶው እምቢ ሲል ላፕቶፑን አስነስቶ ኢሜጁን የሚመልሰውን) ግን ዋይፋይ ስላለ ፈረንጅ አራዳ ጓደኛዬ ፎቶኮፒ ቤት ዴስክቶፕ ላይ ሰራሁት። አሁን ሰክቼ ስከፍተው ዝም ብሎ ዊንዶው ይገባል፣ ኤፍ12 ብጫን ብጫን ወይ ፍንክች። ምን ይሻላል?

መርካቶ_ጥገና፦
ወንድሜ ኤችፒ ላይ ኤፍ12 አይሰራልህም፣ እሱ ዴልና ሌኖቮ ላይ ነው። እንደከፈትከው ኤስኬፕን ደጋግመህ ጫን፣ ሜኑ ሲመጣልህ ኤፍ9 በለው። ደሞ ዊንዶው ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ጣጣ ስላለው ሹት ዳውን ስትለው በትክክል አይጠፋም፣ ስለዚህ ሪስታርት በለው ወይ ሺፍት እንደያዝክ ሹት ዳውን አርገው። ከቁልፉ ጋር መታገል ከሰለቸህ ሺፍት ይዘህ ሪስታርት ስትል ሰማያዊ ገፅ ይመጣል፣ እዛ ውስጥ ዩዝ ኤ ዲቫይስ የሚለውን ገብተህ ፍላሹን መምረጥ ነው። ሜኑው ላይ ጭራሽ ካልመጣ ግን ፍላሹ ራሱ በትክክል አልተሰራም ማለት ነው። አይኤስኦውን (የማስነሻውን ፋይል) እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ ኮፒ አርገው ለምን አይነሳም የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ነው የሚፃፈው።

ቡና_ሂሳብ፦
ኤፍ9 ሰራ ተባረክ! ማክሪየሙም ተከፈተ፣ ግን ኤክስተርናሉንና ፍላሹን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ የላፕቶፑ ዲስክ የለም። ፍላሹን ነቅዬ ስከፍተው ዊንዶው ምንም ሳይል ይነሳል። ዲስኩ ሊሞት ነው እንዴ???

ዜሮ_አንድ፦
ምን አስጨነቀህ፣ ክሎንዚላ የሚባለውን የባክአፕ ፕሮግራም አውርድና ተገላገል፣ ነፃ ነው። ነፃው ማክሪየም እኮ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ ቆሟል።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
ዜሮ አንድ፣ ክሎንዚላ የማክሪየምን ኢሜጅ አይከፍትም እኮ። ባክአፑን የሚመልሰው የሰራው ፕሮግራም ነው። ደሞ ክሎንዚላ የምትመልስበት ዲስክ ከድሮው ካነሰ በኖርማሉ እምቢ ነው የሚለው፣ ለጀማሪ አይመከርም።

ቡና ሂሳብ አይዞህ፣ ዲስክህ ደህና ነው። ከ11ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ኢንቴል ቪኤምዲ የሚባል የዲስክ መቆጣጠሪያ አምጥቷል፣ እሱ ኦን ከሆነ ኤስኤስዲው (የላፕቶፑ ዲስክ) ከኋላው ነው የሚቀመጠው፣ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር (ዲስኩን የሚያስተዋውቀው ሶፍትዌር) ከሌለ አይታይም። ያንተ ዊንዶው ድራይቨሩ ስላለው ያየዋል፣ ፍላሹ ግን ሌላ ማሽን ላይ ስለተሰራ የዛን ዴስክቶፕ ድራይቨር ይዞ ነው የመጣው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፍላሹን እዛው ላፕቶፑ ላይ ድጋሚ ስራው፣ ማክሪየም ማሽኑ ላይ ያለውን ድራይቨር አይቶ ራሱ ያስገባዋል። ኢንተርኔት ከሌለህ ከስልክህ ሆትስፖት ክፈትለት።

ዩቲዩብ ላይ ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ገብተህ ቪኤምዲውን አጥፋው የሚሉ አሉ፣ እንዳትሰማቸው!! ዲስኩ ለፍላሹ ይታይ ይሆናል ግን ዊንዶውህ መነሳት ያቆማል፣ ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ ብሎ ሰማያዊ ይሆንብሃል። ደህናውን ላፕቶፕ በገዛ እጅህ ማበላሸት ነው።

የጊንጆዋ፦
እኔ ደሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶው መቆለፊያ) ኦን መሆን አለመሆኑን እይ። ዊንዶው 11 ላይ ማይክሮሶፍት አካውንት አስገብተህ ከሆነ ሳታውቀው በርቶ ሊሆን ይችላል፣ ባዮስ ነካክተህ ወይ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የባዮስ ጥበቃ አጥፍተህ ስትከፍተው 48 ዲጂት ቁልፍ አምጣ ይልሃል። ቢትሎከሩ በራሱ ከበራ ቁልፉ አካውንትህ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ግን አካውንቱ ማን ነው የከፈተው? ቢሮዎች አካባቢ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን የሸጠው ልጅ ወይ ስራ የለቀቀ ሰው ኢሜይል ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ያኔ ቁልፉን ከየት ታመጣለህ። ዛሬውኑ አውጥተህ ወረቀት ላይ ፃፈው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሴቭ እንዳታረገው ብቻ።

ፒችትሪውን ደሞ ኢሜጅ አለ ብለህ አትተወው። ኢሜጁ ያወጣህበት ቀን ድረስ ያለውን ነው የሚመልስልህ፣ ከዛ ወዲህ ያስገባኸው ቫውቸር የለም። በየቀኑ ስትወጣ ፋይል ገብተህ ባክአፕ በለው፣ ትንሽ ፋይል ናት፣ ሌላ ፍላሽ ላይ ይዘሃት ወደ ቤት ትሄዳለህ።

ቡና_ሂሳብ፦
እህቴ ቢትሎከሩ በርቶ ነው ያገኘሁት፣ አካውንቱ ደግነቱ የአለቃዬ ነው፣ ቁልፉን አስወጣሁት። ፍላሹንም ላፕቶፑ ላይ ድጋሚ ሰራሁት፣ አሁን ዲስኩ ታየ!! ኪቶ አንደኛ ነህ። አሁን ሪስቶር አርጌ ልሞክረው ወይ?

መርካቶ_ጥገና፦
ኧረ በፍፁም! የሚሰራ ዲስክ ላይ ሪስቶር አይሞከርም፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድብህ ወይ ኬብሉ ቢነቀል የነበረውንም ታጣለህ። በፍላሹ ቡት አርገህ ኢሜጁን ቬሪፋይ በለው፣ ካለፈ ፋይሉ አልተበላሸም ማለት ነው፣ የግድ ሪስቶሩን ማየት ካለብኝ ካልክ ትርፍ ኤስኤስዲ ፈልገህ እሱ ላይ ሞክር። ስትጨርስ ኤክስተርናሉን ንቀለው፣ ተሰክቶ እያለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባ ባክአፑንም አብሮ ነው የሚቆልፈው። ፍላሹንም ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከተው፣ ላፕቶፑ ከተሰረቀ አብሮ ነው የሚሄደው።