«ቢሊ ጂን»ን እንደ ክሪስ ኮርኔል በጊታርና በክራር፦ ቅኝቱና ምቱ አልገጥም አለን

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ክሪስ ኮርኔል ለብቻው የሠራውን የማይክል ጃክሰን «ቢሊ ጂን» ከቨር (በሌላ ዘፋኝ ዳግም የተሠራ ዘፈን) ደሴ ውስጥ በአንድ አዳራሽ በአንድ ጊታርና በአንድ ክራር ልናቀርብ ነው። ጊታሩ ከኢ ማይነር አኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ይነሳል። ክራሩን ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ብንቃኘው ይጎረብጣል፤ ምቱ ደግሞ ሳናስበው ቺክቺካ (የእስክስታ ምት) ይሆናል። የመድረክ መሪው የሚያነበው አጭር ታሪክም ያስፈልገናል። «ኮርኔል የዘፈነበት የኦዲዮስሌቭ ባንድ ዘፈን ነው» የሚሉም አሉ።

የባቲ ሰኞ ገበያ፦ አብሽር፣ ጥፋቱ የቅኝቱ ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ጊታሩ ከኢ ማይነር ወደ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ይመላለሳል። ኤፍ ሻርፕ ማይነር ውስጥ ሲ ሻርፕ አለ፤ የእናንተ ትዝታ ማይነር ግን ሲ ናቹራል ይዟል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጮሁ ነው የሚጎረብጠው። አዝማቹ ላይ ኤ ማይነር ሲመጣም ትዝታ ማይነር የኤ ድምፅ የለውም።

ባቲ ማይነር አድርጉት፦ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። እነዚህ አምስቱ የጊታሩ ክፍት ክሮች ድምፆች ናቸው፤ መቃኛ አፕ እንኳ አያሻችሁም፣ ጊታሩን አስተካክላችሁ ክራሩን ከእሱ ጋር ክር በክር አስማሙ። ክራሩ ቀድሞ ከኢ በሚነሳ ባቲ ሜጀር ከተቃኘ፣ የቅኝቱን 2ኛና 5ኛ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል።

አንድ ቦታ ግን ተጠንቀቁ። ከአዝማቹ በፊት ጊታሩ በሲ ሜጀርና በኢ ማይነር መካከል ተመላልሶ ቢ7 አኮርድ ላይ ያርፋል። ቢ7 ዲ ሻርፕ አለበት፤ የክራሩ ዲ ክር እዚያ ከተነካ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ክራሩ ቢና ኤን ብቻ ይንካ፣ ወይም ዝም ይበል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዝም ማለቱ ያምራል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ስለ ምቱ። የማይክል ጃክሰን ዋናው ዘፈን ባለ አራት ምት ነው፣ በደቂቃ 117 አካባቢ። ኮርኔል አዘግይቶ ወደ ስድስት ቆጠራ ቀየረው። ቺክቺካም በስድስት ስለሚቆጠር እጅ ወደለመደው ይሮጣል።

ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 50 ላይ አድርጉና አንዱን ምት ለሦስት ቆጠራ ያዙት። 1 ላይ አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ይምታ፤ 2 እና 3 በጣት፤ 4 ላይ ክሮቹን በቀስታ ግረፉ፤ 5 እና 6 እንደገና በጣት። ክራሩ በግርፍ ከገባ እስክስታ ይመጣል፤ ነጠላ ክር እየደረደረ 1 እና 4 ላይ ብቻ ይግባ።

ሐይቅ ዳር፦ ኦዲዮስሌቭ አይደለም። ከቨሩ ያለው «ኬሪ ኦን» በሚለው ሁለተኛ የብቻ አልበሙ ላይ ነው። መድረክ መሪው ይህን ያንብብ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

«ክሪስ ኮርኔል በ1964 ሲያትል ተወለደ። የሮክ ባንዱ ሳውንድጋርደን በ1984 ሲመሠረት ከበሮ እየመታ ይዘፍን ነበር። ባንዱ በ1994 ‹ሱፐርአንኖውን› የተባለውን አልበም አወጣ፣ በ1997 ተበተነ። ኮርኔል በ1999 የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን ካወጣ በኋላ፣ ከሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ባንድ ሦስት ሙዚቀኞች ጋር ኦዲዮስሌቭን መሠረተ። በ2006 ‹ካሲኖ ሮያል› ለተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ዘፈነ፤ ‹ቢሊ ጂን›ን በ2007 አወጣ። ሳውንድጋርደን በ2010 ዳግም ተሰባሰበ። ኮርኔል በ2017 ዲትሮይት ውስጥ አረፈ።»

የዘፈኑ ደራሲ ማይክል ጃክሰን መሆኑም ይጠራ።

ጦሳ ሥር፦ አላህ ይስጥልን። የክራሩ ስድስተኛ ክርስ? ዘፋኙ ኢ ማይነር ቢወርድበትስ?

የባቲ ሰኞ ገበያ፦ ስድስተኛው ያው ኢ ነው፣ በኦክታቭ። ከወረደበት ጊታሩ 2ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ይሰር፤ የክራሩ ክሮችም በሙሉ አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ይውጡ። ይህን ቀን ላይ ጨርሱት፤ የክራር ክር ከተወጠረ በኋላ ቶሎ ይላላል፣ ከመድረክ በፊት ሁለቴ ሦስቴ መመለስ አለበት። መጨረሻ የምትቃኙትም አዳራሹ ውስጥ ይሁን፤ የደሴ ብርድና የአዳራሹ ሙቀት አንድ አይደሉም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሞኒተሩን (ለተጫዋቾቹ ድምፅ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ከማይኩ ጀርባ አድርጉት፣ ፊት ለፊት ከሆነ ያፏጫል። ክራሩ ማይክ ከሌለው አንዱን ማይክ ለሁለት አትካፈሉ፤ ድምፃዊው አዝማቹ ላይ ሲጮህ ክራሩ ይጠፋል።