ጅብ ሲበላ ፍላሽ ይከልከል ወይስ አይከልከል?

መነሻ፦ ሐረር ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ በመኪና መብራት ጅብ ሲመገብ ፎቶ የሚያነሳው ሰው በዝቷል፤ ፍላሹም እንደዚያው። «ጭራሽ ይከልከል» የሚል አለ፤ «የመኪና መብራት የለመደ ጅብ ፍላሽ ምን ያደርገዋል» የሚልም አለ። እናንተስ?

ከዚራ፦ አቦ አታካብዱ! ፍላሽ የሚበራው ከሰከንድ መቶኛ ላነሰ ጊዜ ነው። የመኪናው መብራት ግን ምግቡ እስኪያልቅ ፊቱ ላይ ነው። ለጅቡ ከታዘነ መጀመሪያ መኪናው ይጥፋ።

ሸዋ በር፦ የሚያበላውን ሰው ረሳኸው። የመኪና መብራት ባለበት ስለሚቆይ ዓይን ይለምደዋል። ፍላሽ ግን ሳይታሰብ ፊቱ ላይ ሲበራ ሰውየው ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም፤ በእሱና በጅቡ አፍ መካከል ያለው ደግሞ ሥጋ የተንጠለጠለበት አጭር እንጨት ብቻ ነው። ፎቶውም አያምርም። የጅብ ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ተመልሶ እዚያው ይገባል። የምታገኙት ጅብ ሳይሆን ሁለት ነጭ አምፖል ነው።

ከዚራ፦ ታዲያ ከካሜራው ነጥለህ፣ በገመድ ወይም በትሪገር (ያለ ገመድ በሚያስነሳው)፣ በክንድ ርቀት ወደ ጎን ያዘዋ። ኃይሉን ከሙሉው 1/32 አድርገው። ቲቲኤል (ኃይሉ በራሱ የሚመረጥበት) ላይ አትተወው፤ ከዋናው በፊት የመለኪያ ብልጭታ ስለሚለቅ እንስሳው ሁለቴ ይበራበታል።

ሸዋ በር፦ በጨለማ የማን ፍላሽ 1/32 መሆኑን ማን ያጣራል?

ቀፊራ፦ ያለ ፍላሽ ይቻላል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 1.8፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፤ ጅቡ ሥጋውን መንጭቆ ሲዞር ግን 1/250 ያስፈልጋል። መኪናው ፊት አትቁሙ፣ ጥላችሁ ጅቡ ላይ ያርፋል። መብራቱ ከጎን በ45 ዲግሪ እንዲመጣ ሁለት እርምጃ ወጣ በሉ። ሃሎጂን ከሆነ የነጭ ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ) 3200 ኬልቪን ላይ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ብርቱካን ይሆናል። ኤልኢዲ መብራት አንዳንዴ ፎቶው ላይ ሽንትር ያወጣል፤ ያኔ ፍጥነቱን ወደ 1/60 አውርዱ፣ ጅቡ ቀና ብሎ ሲቆም ጠብቃችሁ አንሱ። ፎከስ ጥቁር አፉ ላይ አይዝም፤ የአንገቱ ነጠብጣብ ላይ ያዙ። የፎከስ መርጃዋን ቀይ መብራትም አጥፏት፣ ሁሉም የሚረሳት እሷን ነው።

በስልክ ናይት ሞድ አትጠቀሙ። ብዙ ፎቶ ስለሚደራርብ ጅቡ ጭስ ይሆናል። ፕሮ ሞድ (ፍጥነቱን በእጅ የምትመርጡበት) ላይ 1/60 ይበቃል።

ከዚራ፦ ፕሮ ሞድ የሌለው ስልክ የያዘስ? ወይስ ይህ ለባለ ካሜራ ብቻ የወጣ ደንብ ነው?

ሸዋ በር፦ የስልክ ፍላሽ ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰው የሚቆመው ከዚያ ርቆ ነው፤ የሚያበራው ፊቱ የቆመውን ሰው ማጅራት ነው። ቢከለከል ምን ያጣል?

ገንደ ቆሬ፦ ፍላሹስ ይሁን፣ የሚያበላውን ሰው ፊት ሳያስፈቅዱ በቅርበት ማንሳትስ? ሒሳቡን ከፍያለሁ ማለት ፈቃድ አይደለም።

ቀፊራ፦ እውነት ነው፤ ግን እሱ ሌላ ርዕስ ነው። ለዚህኛው አንድ ቋሚ መብራት ይተከል፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ፣ ከጎን። መኪናም ፍላሽም ይቀራል።

ከዚራ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ቀፊራ፦ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል።

ከዚራ፦ ባትሪውን ማን ይሞላል? መልሱን ከያዝክ እኔም ፍላሹ ይከልከል እላለሁ።