ያረጀ የማንጎ ዛፍ መግረዝ

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ከአባቴ የወረስኳቸው የማንጎ ዛፎች እጅግ ስለረዘሙ ፍሬ የሚይዙት ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው፤ ለቀማውም አደገኛ ሆኗል። ቢገረዙ ያገግማሉ?

መልስ፦ አዎ፣ ያገግማሉ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይጨፍጭፏቸው። ፍሬው እንደተለቀመ በመጀመሪያ የደረቁትንና መሃሉን ያጨለሙትን ቅርንጫፎች ያውጡ፤ ቁመቱን ደግሞ በ2 ወይም በ3 ዓመት ከፋፍለው ይቀንሱ። ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከላይ ከመቁረጥዎ በፊት ከታች በኩል በመጋዝ ጥቂት ካልገዘገዙት፣ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይገነጠላል።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ ባሉት ላይ ልጨምር፤ ድንገት ለፀሐይ የተጋለጠው ቅርፊት ስለሚቃጠል ኖራ በውሃ በጥብጠው ይቀቡት።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ዓመትስ ፍሬ ይኖራቸዋል?

መልስ፦ በተቆረጠው በኩል አንድ ሁለት ዓመት ምርቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ብቻ ያስቀሩ።