ጨጓራዬን ባስቀነስኩ በወሩ ጥርሴ ተነሳብኝ

ሰላም ጅማዎች። ለውፍረቴ ብዬ አዲስ አበባ ጨጓራዬን ካስቀነስኩ ዛሬ 24 ቀኔ ነው፣ የምኖረው በሾርባና በአጥሚት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሰኝ ነበር፣ እኔ ሞኟ ደግሞ የጨጓራው አሲድ ጥርሴ ላይ እያለ ወዲያው እቦርሽ ነበር። አሁን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡሮ ሌሊት አያስተኛኝም። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ጠጣሁ፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ ቅርንፉድ ነከስኩ፤ ቢያስታግሰኝ ለሁለት ሰዓት ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ኦፕሬሽኑን ሳልነግራቸው (ጥፋቱ የኔ ነው) ይነቀል አሉኝ፣ አይቡፕሮፌንና ትልልቅ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል አዘዙልኝ። ኦፕሬሽን የሠራልኝ ዶክተር ግን አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ጨጓራ ስለሚያቆስሉ እንዳትነኪ ብሎኛል። ካፕሱሉም አልወርድ አለኝ። ዶክተሩ ጋ ብደውል ስልክ አያነሳም። እንደኔ ጨጓራ አስቀንሳችሁ በወሩ ጥርስ ያስነቀላችሁ፣ ለህመሙና ለኢንፌክሽኑ ምን ታዘዘላችሁ?