ለሲክል ሴል ታማሚ ልጅ ደም ለጋሽ አጣን፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ አፍሪካ-አሜሪካዊት ናት። የ9 ዓመት ልጇ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስል፣ በዘር የሚወረስ የደም ሕመም) አለበት፤ በየአራት ሳምንቱ ደም ይሰጠዋል። እነሱ ቤተ ክርስቲያን የደም ልገሳ ቀን እያዘጋጀን ነው። ለ40 ሰው ቦታ ይዘን የተመዘገበው 6 ብቻ ነው። በየወንበሩ ያስቀመጥነውን ወረቀት ወለል ላይ ወድቆ ለቀምኩት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ደማችን ለምን እንደሚፈለግ እናውቃለን» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ለልጁ የጥቁር ሰው ደም ያስፈልጋል የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ የደም ዓይነት ኤ፣ ቢ እና ኦ ብቻ አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ላይ በዘር የሚወረሱ ብዙ ሌሎች ምልክቶች አሉ። ደጋግሞ ደም የሚወስድ ልጅ የማይመሳሰለው ሲገባበት ሰውነቱ ይዋጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚስማማው ደም እየጠፋ ይሄዳል። ዩ ኔጌቲቭ የሚባለው የደም ዓይነት ለምሳሌ አፍሪካዊ ዘር ከሌለው ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ወደ 100,000 ሰው ሲክል ሴል አለበት፤ አብዛኛው ጥቁር ነው። የሚሰጡት ደም ለዚህ ልጅ ብቻ እንደማይሆን ግን ከወዲሁ ንገሪያቸው።

የአትላንታዋ፦ ባለቤቴ አፍሪካ-አሜሪካዊ ነው። ሽማግሌውን እባክሽ አትከራከሪያቸው፤ እውነት አላቸው። አላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ሳያክሙ ሲያጠኗቸው ኖረዋል። የአሜሪካ ቀይ መስቀልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የጥቁርን ደም አልቀበልም አለ። በ1942 ሲቀበልም ለብቻ ለይቶ ነው፣ እስከ 1950። የደም ባንክ አደረጃጀትን ያሳየው ዶክተር ቻርልስ ድሩ ራሱ ጥቁር ነበር! ወረቀቱን ተዉትና እናትየዋ ትናገር። አማቴ መጀመሪያ የለገሱት የጎረቤት ልጅ ሕመሙ ተነሥቶበት ጉልበቱን አቅፎ ሲያቃስት አይተው ነው።

ላብራቶሪ የምሠራ፦ መጥቶ መመለስ ሞራል ይሰብራል። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ለሴት 12.5፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር መድረስ አለበት። ከሳምንታት በፊት ጀምረው ሥጋና ምስር ይብሉ፤ የዕለቱ ዕለት ቁርስና ብዙ ውሃ። የሲክል ሴል ዘር ተሸካሚ የሆነ ጤነኛ ሰውም መለገስ ይችላል፤ ብዙዎች አይቻልም ብለው ይቀራሉ። ሐበሾችም ከመጣችሁ፣ ወባ ያለበት አካባቢ ደርሶ የተመለሰ 3 ወር መጠበቅ አለበት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እናትየዋ እሑድ ልትናገር ተስማምታለች። ሽማግሌውን ስለ ተስኪጊ ስጠይቃቸው «ቁጭ በይ» ብለው አንድ ሰዓት አወሩኝ። አልተመዘገቡም። ስወጣ ግን የልጁን ስም ጠየቁኝ።