ስለ ፍጥረት የማምነው እየተቀየረ ነው፣ ክርስቶስን ግን ማጣት አልፈልግም

ጠያቂው ቶማስ
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ልጠይቅ። ባዮሎጂ እየተማርኩ ነው። ያደግሁት ምድር ስድስት ሺህ ምናምን ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ነገር በስድስት የሃያ አራት ሰዓት ቀናት ተፈጠረ እየተባልኩ ነው። አሁን የምማረው ነገር ከዚህ ጋር አልገጥም አለኝ። እምነቴን አልተውኩም፤ እጸልያለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ። ግን ኅብረታችንን የሚመራው ወንድም «ዘፍጥረት አንድን እንደተጻፈ ካልተቀበልክ ዮሐንስ ሦስትንም ተወው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። እውነት ያለኝ ምርጫ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው?

ናርዶስ
ወንድሜ አይዞህ፣ ሁለቱ ብቻ አይደሉም። ጥያቄው ዳርዊን ያመጣው ከመሰለህ ደግሞ አይደለም፣ በጣም የቆየ ነው። እስቲ ዘፍጥረት አንድን ረጋ ብለህ አንብበው። ብርሃን በመጀመሪያው ቀን ተፈጠረ፣ ፀሐይ ግን በአራተኛው። ታዲያ ፀሐይ ሳትኖር ማታና ጠዋት የሆነባቸው ሦስት ቀናት ምን ዓይነት ቀናት ናቸው? የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ይሄ ነገር በጣም አሳስቦት ነበር። እግዚአብሔር ሁሉን በአንድ ጊዜ ፈጠረ፣ ስድስቱ ቀናትም እንደኛ ቀን የሚቆጠሩ አይደሉም ወደሚለው ሐሳብ አዘነበለ። ያኔ ቅሪተ አካል ቆፍሮ ያስጨነቀው ሰው አልነበረም፤ ጥያቄውን ያገኘው እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ነው።

አውግስጢኖስ የተናገረው ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ለኅብረት መሪህም ይሆናል። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት በማያውቀው ገብቶ በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ስሕተት ቢናገር፣ ነገሩን የሚያውቀው የማያምን ሰው ስለ ትንሣኤ ስንነግረው እንዴት ያምነናል ብሎ ተጨንቋል።

ስድስት ሺህ ዓመት የሚለውም ቁጥር ቢሆን ከትውልድ ሐረግ ተደምሮ የወጣ ነው እንጂ ጥቅስ የለውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ አሸር ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ላይ አስቀመጠው። በሰብአ ሊቃናት ትርጉም (በጥንቱ የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን) የሚቆጥሩት ደግሞ 5500 ገደማ ይላሉ። የ1500 ዓመት ልዩነት አለ፣ ሁለቱም ወገን ግን ክርስቲያን ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን አስታውስ፦ ሰማይና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን ማን እንደፈጠረ ይናገራል። በስንት ቀን የሚል የለበትም።

የባዮሎጂ መምህር
ናርዶስ በደንብ ብላዋለች። እኔ ከሙያዬ በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው «ሳይንሱ ግምት ነው» እያለ ያጽናናሃል፣ እሱ ማጽናኛ ደግሞ ክፍል ስትገባ ይፈርስብሃል። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፣ ቺምፓንዚ 48። የሰው ሁለተኛው ክሮሞዞም ሲመረመር፣ ወትሮ ክሮሞዞም ጫፍ ላይ የሚገኘው የዲኤንኤ ድግግሞሽ መሃሉ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፣ ያውም ፊት ለፊት ተጋጥሞ። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሴንትሮሜር የሚባል አንድ ወገብ አለው፤ እዚህ ግን ሥራ ያቆመ የሁለተኛ ሴንትሮሜር ቅሪትም አለበት። ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ የሆኑበት ቦታ ነው ማለት ነው፤ ሰውና ቺምፓንዚ ከአንድ የጋራ ዘር መጡ ከተባለ የቁጥሩ ልዩነት ከየት መጣ ለሚለው መልሱ ይሄ ነው። ይሄን ሳስተምር እምነቴ አይነካም፤ እንዲያውም ጌታ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የማይ ያህል ይሰማኛል።

ብቻዬንም አይደለሁም። የሰውን ዲኤንኤ በሙሉ ለማንበብ የተነሳውን የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት እስከ ፍጻሜው (2003 እ.ኤ.አ.) የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ በግልጽ የሚያምን ክርስቲያን ነው። ዛሬ ቢግ ባንግ ለምንለው፣ ዓለማት ሁሉ ከአንድ ጅማሬ እየሰፉ መጡ ለሚለው ሐሳብ መሠረት የጣለው ዦርዥ ለሜትርም የካቶሊክ ቄስ ነበር።

ዘካርያስ
ይቅርታ፣ እኔ በዚህ ፍጥነት አልስማማም። ስለ ቀናቱ ርዝመት ልንወያይ እንችላለን፣ እሺ። አዳምስ? ጳውሎስ ሮሜ 5 ላይ «ኃጢአት በአንድ ሰው ወደ ዓለም ገባ፣ በኃጢአትም ሞት» ይላል። እንስሳት ለሚሊዮን ዓመታት ሲሞቱ ከኖሩ ሞት የኃጢአት ውጤት መሆኑ የት ሄደ? ልጁን ቀላል ነው ብላችሁ አትሸኙት።

ናርዶስ
ዘካርያስ ልክ ነህ፣ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። አንዳንዶች ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ሰው ሞት ነው ይላሉ፣ «በዚህም መንገድ ሞት ለሰው ሁሉ ደረሰ» ስለሚል። ሌሎች አዳም በታሪክ የኖረ፣ እግዚአብሔር ከሰዎች መካከል ጠርቶ ቃል ኪዳን የሰጠው ሰው ነው ይላሉ። ዘፍጥረት 4 ላይ ቃየን «ያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል» ሲል የፈራው ማንን ነው የሚለውም አብሮ ይነሳል። እኔ ወደ መጀመሪያው መልስ አደላለሁ፣ ግን አልዘጋሁትም። ኃጢአተኛ መሆኔንና አዳኝ እንደሚያስፈልገኝ ለማወቅ ግን የምድርን ዕድሜ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ጳውሎስ ራሱ «ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ሲል ሁሉን ነገር ያሳረፈው ትንሣኤው ላይ ነው።

ጠያቂው ቶማስ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዘካርያስ፣ አንተንም አመሰግናለሁ፣ ሮሜ 5ን ከዛሬ ጀምሬ በደንብ አነባዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከኅብረቱ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

የባዮሎጂ መምህር
ቆይ እንጂ ልጄ። አብረውህ የሚጸልዩትን ሰዎች በዚህ ምክንያት አትጣ። መሪህን ለብቻው አግኘውና በክርስቶስ ማመንህን አስቀድመህ ንገረው፤ እሱም የሚፈራው አንተን እንዳያጣ ይሆናል። መድረክ ላይ ክርክር አትክፈት። ጥያቄ መጠየቅ እንደ ኃጢአት የሚቆጠር ከሆነና በር ከዘጉብህ ግን ሌላ ጉባኤ ፈልግ፣ ብቻህን አትቅር።

ዘካርያስ
በዚህኛው እስማማለሁ። ሮሜ 5ን ስትጨርስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ንም ጨምርበት፣ እዚያም አዳም አለ። አንብበህ ስትመጣ እንቀጥላለን።